ፋፍሳ ስታስሞሉ፦ ከኮምዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪ ጎን ለሚቀመጥ ሰው

በየቤተ ዘመዱ አንድ ሰው አይጠፋም። ከሌላው ቀድሞ አሜሪካ የገባ ወይም «እንግሊዝኛው ይሻላል» የሚባል። ቅዳሜ ከሰዓት ስልኩ ይጠራል። «ወንድሜ፣ ልጄ ኮሌጅ ልትጀምር ነው፤ ያን የፋይናንሻል ኤይድ ነገር እባክህ አንድ ጊዜ ቁጭ ብለህ ሙላላት።» ያ ነገር ፋፍሳ የሚባለው የመንግሥት የተማሪዎች ዕርዳታ ማመልከቻ ነው፤ ይህን የምጽፈውም ስልኩን ላነሳው ሰው ነው። እኔም ለዓመታት ከሚያነሱት አንዷ ነኝ። በምግብ ጠረጴዛ ላይ፣ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ አንዴም በቆመ መኪና ውስጥ አብሬ አስሞልቻለሁ።

ካየሁት ሁሉ አንድ ነገር ጎልቶ ይታየኛል። ተማሪው ገንዘቡን የሚያጣው ፎርሙ ስለከበደው አይደለም፤ ተጀምሮ ስለሚቀር ነው። አባት ሌሊት ይሠራል፣ ፈቃዱን ሳይሰጥ ይቀራል። ከኮሌጁ የመጣ ኢሜይል ሳይከፈት ወር ይሞላዋል። የልጅቷ ስም በአንድ ፊደል ይለያል፣ ፎርሙ ይመለሳል፣ ማንም ልብ አይለውም። ስለዚህ የእናንተ ሥራ ፎርሙ ሲላክ አያልቅም። ገንዘቡ ኮሌጁ ያለው የተማሪው ሂሳብ ላይ እስኪታይ ድረስ ነው።

የምናወራው ስለየትኛው ገንዘብ ነው?

ፋፍሳ ለፌዴራል መንግሥት የተማሪዎች ዕርዳታ የሚሞላ ማመልከቻ ነው። ክፍያ የለውም። የሚሞላውም ስቱደንት ኤይድ ዶት ጎቭ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ነው። የገቡበት ገጽ መጨረሻው ዶት ጎቭ ካልሆነ፣ ወይም የክሬዲት ካርድ ቁጥር ከጠየቀ፣ ዝጉት። ታክስ የሚሠሩ አንዳንድ ሰዎች «እኛ እንሞላላችኋለን» ብለው ሲያስከፍሉ አያለሁ። ያ ገንዘብ ለመጽሐፍ ቢውል ይሻላል።

ለኮምዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪ ዋናው ነገር ፔል ግራንት ነው። ብድር አይደለም፣ አይመለስም። ለ2025–26 የትምህርት ዓመት ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ነው። ለሁለት ሴሚስተር ሲካፈል ለአንዱ 3,697 ዶላር ገደማ ይሆናል። ይህ በሴሚስተር 12 ክሬዲትና (የኮርስ መለኪያ ነው) ከዚያ በላይ ለሚወስድ ነው። እየሠራች የምትማር ልጅ 9 ክሬዲት ብትወስድ ሦስት አራተኛው ይደርሳታል፤ ወደ 2,773 ዶላር። በ6 ክሬዲት ግማሹ ነው፤ ወደ 1,848 ዶላር። ብዙ ወላጅ «ሙሉ ጊዜዋን ካልተማረች አይሰጧትም» ብሎ ያምናል። በዚህ የተነሳ ሳያመለክቱ የቀሩ ልጆች አውቃለሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ። እንግሊዝኛ ለመማር ብቻ የሚወሰድ፣ ክሬዲት የሌለው ኢኤስኤል በፔል አይከፈልም። ተማሪው ፔል የሚያገኘው ዲግሪ ወይም ሰርተፊኬት በሚሰጥ፣ ለፌዴራል ዕርዳታ ብቁ በሆነ ፕሮግራም ውስጥ ሲመዘገብ ነው። አዲስ ገቢ ተማሪ ሲሆን ኮሌጁን «እኔ የተመዘገብኩት በየትኛው ፕሮግራም ነው?» ብሎ ይጠይቅ።

ማን ይችላል?

ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ በስደተኝነት (ሬፉጂ) ተቀባይነት አግኝቶ የመጣ፣ የጥገኝነት ጥያቄው ተቀባይነት ያገኘ። ዲቪ ደርሶት የመጣ ሰው ግሪን ካርድ ስለሚይዝ ለፌዴራል ዕርዳታ ዓመት መጠበቅ የለበትም። የመኖሪያ ጊዜ የሚቆጠረው ለነዋሪ የትምህርት ክፍያና ለስቴት ዕርዳታ ነው። ሁለቱን እያምታቱ «ገና ዓመት አልሞላሽም» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አትስሟቸው።

ጥገኝነት ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ፣ ቲፒኤስ (ጊዜያዊ ጥበቃ) ብቻ ያለው፣ በኤፍ-1 ቪዛ የሚማር ሰው ከፌዴራል አያገኝም። በሩ ሁሉ ተዘጋ ማለት ግን አይደለም። አንዳንድ ስቴቶች የራሳቸው ማመልከቻ አላቸው። ዋሽንግተን ስቴት ዋስፋ አለው፤ ካሊፎርኒያ የድሪም አክት ማመልከቻ አለው፤ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ሚኒሶታም የየራሳቸው አላቸው። የኢሚግሬሽን ደንብ ስለሚለዋወጥ ከመጀመራችሁ በፊት ብቁ የሆኑትን ዝርዝር እዚያው ድረ ገጹ ላይ አንብቡ።

መቼ ይሞላል?

ፋፍሳ የሚከፈተው ኦክቶበር 1 አካባቢ ነው። እኔ የማስታውሰው በመስቀል ነው፤ ደመራው በተለኮሰ ሰሞን ፎርሙ ይከፈታል። የ2026–27 ፎርም የሚጠይቀው የ2024ን ታክስ ነው። ሁልጊዜ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። የፌዴራሉ የመጨረሻ ቀን ሩቅ ነው፤ ለ2026–27 እስከ ጁን 30፣ 2027 ድረስ። የስቴቶቹ ግን ቀድሞ ያልፋል። ሜሪላንድ ማርች 1 ነው። ካሊፎርኒያ ማርች 2 ነው፤ ለኮምዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ሴፕቴምበር 2 ሁለተኛ ዕድል አለ። ትምህርት ከተጀመረ በኋላ የመጣባችሁን ተማሪም «አልፎሻል» ብላችሁ አትመልሱ። በዚያው የትምህርት ዓመት ውስጥ እስካለች ድረስ ፔል ማመልከት ትችላለች።

አንደኛ፦ ወረቀት ከመያዝ በፊት ስምና የልደት ቀን

ብዙ መመሪያዎች ይህን በአንድ መስመር ያልፉታል። ለእኛ ግን ትልቁ ጣጣ ያለው እዚህ ነው።

ፎርሙ ስሙን ከሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት መዝገብ ጋር ያመሳክራል። የኛ ስም ደግሞ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ሦስት ዓይነት ይወጣዋል። ጸሐይ የምትባል ልጅ ፓስፖርቷ ላይ በአንድ አጻጻፍ፣ የትምህርት ማስረጃዋ ላይ በሌላ ትሆናለች። የመጨረሻ ስም ተብሎ በአንዱ ሰነድ የአባት ስም፣ በሌላው የአያት ስም ይገባል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ ነው። ፎርሙ ላይ የሚጻፈው ካርዱ ላይ ያለው ነው፤ ፊደል በፊደል፣ ክፍት ቦታው ሳይቀር። ቤት ውስጥ የምትጠራበት፣ ፌስቡክ ላይ ያለው፣ «ትክክለኛው እንዲህ ነው» የሚባለው አይሠራም። ካርዱ ራሱ ከተሳሳተ መጀመሪያ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሄዶ ማስተካከል ይሻላል።

የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። ልጆቹ የፈረንጁን ቀን ያውቃሉ። ወላጆች ጋ ስትደርሱ ግን ብዙ ጊዜ የሚነገራችሁ በኛ አቆጣጠር ነው። እናት «በ1965 ነው የተወለድኩት» ስትል በፈረንጅ 1972 ወይም 1973 ነው። እንዳለችው ከገባ ፎርሙ ሌላ ሰው ያደርጋታል። ራሳችሁ አስልታችሁም አታስገቡ። ግሪን ካርዷን ወይም ፓስፖርቷን ጠይቃችሁ እዚያ ያለውን ገልብጡ። ወረቀቱ ላይ ያለው ከእውነተኛው ቀን ቢለይ እንኳ ለዚህ ፎርም የሚሠራው የወረቀቱ ነው።

ከዚህ ሌላ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ግሪን ካርዱ ላይ ያለው ኤ-ቁጥር፣ ያ ሁለት ዓመት የቆየው ታክስ፣ የባንክ ሂሳብ ላይ ያለው መጠን፣ እና የሚሠራ ስልክ።

ሁለተኛ፦ አካውንቱ የተማሪው ይሁን

ፎርሙን ከመክፈት በፊት አካውንት ይከፈታል። ተማሪው የራሱን፣ ወላጅም የራሱን። በምንም ምክንያት የእናንተን ኢሜይል ወይም የእናንተን ስልክ አታስገቡ። ለጊዜው ይቀላል። በሚቀጥለው ዓመት ግን መግቢያ ኮዱ የሚመጣው እናንተ ጋ ነው። ስልክ ቀይራችሁ ወይም ስቴት ቀይራችሁ ከሆነ ልጁ ከራሱ ፋይል ውጭ ይቆለፋል።

ተማሪው የሚጠቀምበት ኢሜይል የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የሰጠው ከሆነም ይቀይረው። ሲመረቅ ይዘጋል። ፓስወርዱን በወረቀት ጽፎ ግሪን ካርዱ የሚቀመጥበት ቦታ ያኑረው። ማውሱንም አትያዙ። ልጁ ራሱ ይጫን፣ እናንተ ጎኑ ሆናችሁ አንብቡለት። ቀርፋፋ ነው፤ ግን በፊርማ ቦታው ላይ «ይህ እውነት ነው» ብሎ የሚፈርመው እሱ ነው። በሌላ ሰው ስም ገብቶ መፈረም በሕግ የተከለከለ ነው፤ እናት ለምናችሁ እንኳ ቢሆን።

ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅም አካውንት መክፈት ይችላል። እዚህ ግን ቆም በሉ። ወላጁ ወረቀት የሌለው ከሆነ መረጃውን ለመንግሥት መስጠት አለመስጠቱን ቤተሰቡ ራሱ ይወስን፤ ከቻሉ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያናግሩ። ረዳት ሆናችሁ አትገፋፉ።

ሦስተኛ፦ የወላጅ ጥያቄ

ከሁሉ በላይ የሚያከራክረው ይህ ነው።

ፎርሙ ተማሪውን «ጥገኛ» ወይም «ራሱን የቻለ» ብሎ ይለየዋል። ይህ በኛ ስሜት የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። ልጁ 19 ዓመቱ ነው፤ በቀን መጋዘን ይሠራል፤ ኪራይ ይከፍላል፤ አዲስ አበባ ላሉት ወላጆቹ ገንዘብ ይልካል። ለእኛ ራሱን የቻለ ነው። ለፋፍሳ ግን ጥገኛ ነው።

ለ2026–27 ራሱን ችሏል የሚባለው ከጃንዋሪ 1፣ 2003 በፊት የተወለደ፣ ያገባ፣ የሚያስተዳድረው ልጅ ያለው፣ በአሜሪካ ጦር ያገለገለ ወይም እያገለገለ ያለ፣ ወላጆቹ ሁለቱም የሞቱበት፣ ከ13 ዓመቱ በኋላ በፎስተር ኬር (መንግሥት በመደበው አሳዳጊ ቤት) ወይም በፍርድ ቤት ጥበቃ ሥር የነበረ፣ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ሕጋዊ ሞግዚት የተሾመለት፣ ወይም ያለ ወላጅ ቤት አልባ የሆነ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከሌለ የወላጅ መረጃ ግድ ነው።

«ታዲያ የማን?» ይህ ጥያቄ ሲመጣ አጎት ወይም አክስት ወደ ፊት ይላሉ። ልጁን በደግነት ቤታቸው ያስቀመጡት እነሱ ናቸው፤ የራሳቸውን ታክስ ያወጣሉ። አይሆንም። በጉዲፈቻ ካላሳደጉት አጎት ወላጅ አይደለም። አያትም፣ ትልቅ እህትም፣ ስፖንሰር አድርጎ ያመጣ ዘመድም አይደለም። የአጎትን ገቢ ማስገባት ስህተት ብቻ ሳይሆን ልጁን ይጎዳዋል፤ የአጎት ገቢ ከፍ ስለሚል ዕርዳታው ይቀንሳል።

ወላጆቹ ኢትዮጵያ ከሆኑ መረጃቸው ከዚያው ይመጣል። ሶሻል ሴኩሪቲ ባይኖራቸውም በኢሜይል ተጋብዘው አካውንት ይከፍታሉ። ገቢያቸውን ወደ ዶላር ለውጠው በእጃቸው ያስገባሉ። ብዙ ቤተሰብ ይህን ሲሰማ ይደነግጣል፣ «የአባቱን ደመወዝ ካዩ ይከለክሉታል» ይላል። ብዙውን ጊዜ የሚሆነው የተገላቢጦሽ ነው። የአንድ መምህር የወር ደመወዝ ወደ ዶላር ሲለወጥ ስንት እንደሚሆን እናውቃለን። እውነተኛው ቁጥር ልጁን ይጠቅመዋል። የሰዓቱን ልዩነት አስባችሁ እሑድ ጠዋት በቪዲዮ ደውሉ። እዚያ ምሽት ነው፤ አባት ከሥራ ገብቷል፤ ኮዱ ሲመጣ ወዲያው ያነብላችኋል።

ወላጅ ፈጽሞ የማይገኝ ከሆነስ? በጦርነት የተለያዩ፣ በስደት መንገድ የተጠፋፉ፣ ወላጅ የተዋቸው ወይም ወደ ወላጅ መመለስ ለሕይወታቸው የሚያሰጋ ልጆች አሉ። ለነሱ ፎርሙ «ልዩ ሁኔታ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። «አዎ» ብለው ያለ ወላጅ መረጃ መላክ ይችላሉ። ይህ ጊዜያዊ ነው። ወሳኙ የኮሌጁ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ነው፤ ማስረጃ ይጠይቃል። የስደተኝነት ሰነድ፣ ሁኔታውን የሚያውቅ ሶሻል ወርከር፣ ጠበቃ፣ መምህር ወይም የሃይማኖት አባት የጻፈው ደብዳቤ ያስፈልጋል። ልጁ ታሪኩን ደጋግሞ እንዳይናገር አንድ ጊዜ በጽሑፍ እንዲያሰፍረው እርዱት። ሲጽፍ ዝም ብላችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። አንዳንዱ ታሪክ ከባድ ነው።

ወላጅ አለ፣ ይገኛል፣ ግን «መረጃዬን አልሰጥም» ካለ ይህ እንደ ልዩ ሁኔታ አይቆጠርም። ያኔ ተማሪው የሚያገኘው ወለዱ ከመጀመሪያው ቀን የሚቆጠርበትን ብድር ብቻ ሊሆን ይችላል። ፔል አይኖርም። ስለዚህ አባትን ማሳመን ካስፈለገ የቤተሰብ ሽማግሌ መላክ ምንም ነውር የለውም።

አራተኛ፦ ፈቃድና ታክስ

እያንዳንዱ ሰው፣ ተማሪውም ወላጁም፣ የታክስ መረጃው ከታክስ መሥሪያ ቤቱ ከአይአርኤስ በቀጥታ እንዲተላለፍ ፈቃድ ይሰጣል። ይህ ምርጫ አይመስላችሁ። አንዱ ካልፈቀደ የፌዴራል ዕርዳታ የለም። ታክስ ሠርቶ የማያውቅ ወላጅም መፍቀድ አለበት፤ ኢትዮጵያ ያለውም ጭምር። ባልና ሚስት ታክሳቸውን አብረው ካሠሩ የአንዳቸው ይበቃል። ለየብቻ ካሠሩ ሁለቱም ይጋበዛሉ። የተፋቱ ከሆነ ባለፈው አንድ ዓመት ልጁን የበለጠ የደገፈው ወላጅ ነው የሚሞላው። ያ ወላጅ ሌላ ካገባም የእንጀራ አባት ወይም የእንጀራ እናት ገቢ ይቆጠራል።

ፎርሙ በብዛት ተንጠልጥሎ የሚቀረው እዚህ ነው። ተማሪው የራሱን ጨርሶ «ልኬዋለሁ» ይላል። የእናቱ ግብዣ ግን ኢሜይሏ ውስጥ ተኝቷል። እናት ደግሞ ኢሜይል ከፍታ አታውቅም፤ ስልኳን ስትገዛ ሱቁ የከፈተላት ነው። ስለዚህ ቀጠሮውን ስትይዙ ወላጁ ከነስልኩ ይገኝ በሉ። ሁለቱም በአንድ ጠረጴዛ ካልተቀመጡ አልጀምርም ማለት ጀምሬያለሁ። ከዚያ ወዲህ የሚንጠለጠል ፎርም በጣም ቀንሷል።

ስለ ንብረት በአጭሩ። የሚኖሩበት ቤት አይቆጠርም። የጡረታ ቁጠባም አይቆጠርም። ከ2026–27 ጀምሮ ደግሞ ከ100 ያልበለጠ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ያለው የቤተሰብ ንግድ አይቆጠርም፤ ሬስቶራንት ወይም ገበያ ላላቸው ወገኖች ትልቅ እፎይታ ነው። ቤተሰቡ እዚህ እየኖረ አዲስ አበባ የሚከራይ ቤት ካለው ግን ያ ንብረት ነው፤ ጥያቄው ከመጣ ይጻፋል። ገቢያቸው ከ60,000 ዶላር በታች የሆነ ወይም ፉድ ስታምፕና ሜዲኬይድ የሚያገኙ ብዙ ቤተሰቦች የንብረት ጥያቄው ጨርሶ አይመጣላቸውም።

ወደ አገር ቤት የሚላከው ገንዘብ ግን ፎርሙ ላይ ቦታ የለውም። ይህ ያሳዝነኛል። በየወሩ ለእናቱ የሚልክ ቤተሰብና የማይልክ እኩል ይታያሉ።

አምስተኛ፦ ኮሌጁን መምረጥና መላክ

እስከ 20 ኮሌጅ ማስገባት ይቻላል። በስም ይፈለጋል። ተማሪው በኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮምዩኒቲ ኮሌጅ) እና በሞንትጎመሪ ኮሌጅ መካከል እያመነታ ከሆነ ሁለቱንም ያስገባ። ኮሌጁ ብዙ ካምፓስ ካለው ትክክለኛውን መምረጡን አረጋግጡ። ከዚያ ይፈረማል፣ ይላካል። የማረጋገጫውን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሱት።

ስድስተኛ፦ ከተላከ በኋላ

አሁን ነው ሥራው። በሦስት ቀን ገደማ ውስጥ ተማሪው አካውንቱ ገብቶ ውጤቱን ያያል። እዚያ ኤስኤአይ የሚባል፣ የቤተሰቡን የመክፈል አቅም የሚለካ ቁጥር አለ። ዝቅ ባለ ቁጥር ዕርዳታው ከፍ ይላል። ከዜሮ በታች እስከ 1,500 ድረስ ሊወርድ ይችላል። አንዲት እናት የመቀነሱን ምልክት አይታ «ዕዳ ጻፉብን» ብላ ስታለቅስ አይቻለሁ። ዕዳ አይደለም፤ ዜሮም ከዜሮ በታችም ሙሉ ፔል ማለት ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ ሁኔታውን እዩ። «ተጠናቋል» ካላለ ምን እንደጎደለ እዚያው ይጽፋል። የጎደለ ፊርማ፣ ያልተሰጠ ፈቃድ፣ ያልገጠመ ስም። በቅርቡ ዜግነት ያገኘ ተማሪ ላይ የሚደርስ ነገርም አለ። ሶሻል ሴኩሪቲ ዜግነቱን ካላሳወቁት አሁንም የግሪን ካርድ ባለቤት አድርጎ ያየዋል፤ ዜግነቱ አልተረጋገጠም የሚል መልእክት ይመጣል። የዜግነት ሰርተፊኬቱን ወይም የአሜሪካ ፓስፖርቱን ይዞ ኮሌጁ ቢሮ ሲሄድ ይፈታል።

ቀጥሎ ኮሌጁ ይጽፋል። ወደ የትኛው ኢሜይል? ኮሌጁ ራሱ ወደ ሰጠው። ተማሪው ያን ኢሜይል ስልኩ ላይ እንዲጭን ዛሬውኑ አድርጉት። ከሚመጡት ደብዳቤዎች አስፈላጊው ቬሪፊኬሽን የሚባለው ነው። ተጠርጥረሃል ማለት አይደለም። ከማመልከቻዎቹ የተወሰኑት ተመርጠው ማስረጃ ይጠየቃሉ። የአይአርኤስ ትራንስክሪፕት (የታክስ መዝገብ ግልባጭ)፣ የገቢ ወረቀት፣ አንዳንዴ መታወቂያ ይዞ በአካል መቅረብ። ወላጆቹ ኢትዮጵያ ላሉ ደግሞ የደመወዝ ደብዳቤ ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር ሊጠየቅ ይችላል፤ አስቀድመው ቢያዘጋጁት ይጠቅማል። የማውቃት አንዲት ልጅ ይህን ደብዳቤ ማስታወቂያ መስሏት ስድስት ሳምንት ሳትከፍት ቆየች። ሴሚስተሩን በራሷ ገንዘብ ከፈለች፤ የሌሊት ፈረቃ ጨምራ። ከዚያ በኋላ የምረዳውን ተማሪ ሁሉ በየሁለት ሳምንቱ «ኢሜይልህን አየህ?» እላለሁ።

ቤተሰቡ ከዚያ ታክስ ወዲህ ሥራ ካጣ፣ ሰው ከታመመ፣ ሞት ከደረሰ፣ ፎርሙ አያውቀውም። የ2024 ገቢ ነው ያየው። ተማሪው ቢሮውን ሄዶ «ሁኔታችን ተለውጧል፣ እንደገና ይታይልኝ» ማለት መብቱ ነው። የሥራ ስንብት ደብዳቤ፣ የሆስፒታል ሂሳብ ይዞ ይሂድ። የኛ ልጆች ይህን መጠየቅ ያፍራሉ። አብራችኋቸው ሂዱ፤ ኮሪደሩ ላይ መቀመጣችሁ ብቻ ድፍረት ይሰጣል።

ሰባተኛ፦ የስቴቱን አትርሱ

ፋፍሳ ከፌዴራሉ ሌላ የስቴቶችንም በር ይከፍታል። ቨርጂኒያ ጂ-3 የሚባል ፕሮግራም አላት፤ ለጤና ሙያ፣ ለአይቲ፣ ለእጅ ሙያ፣ ለሕፃናት ትምህርትና ለሕዝብ ደኅንነት ነው፤ ኮምዩኒቲ ኮሌጅ ላይ የቀረውን ክፍያ ይሸፍናል። ሜሪላንድ ለኮምዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ፕሮሚስ ስኮላርሺፕ አላት፤ በዓመት እስከ 5,000 ዶላር። ዋሽንግተን ስቴት ዋሽንግተን ኮሌጅ ግራንት አለው። ሚኒሶታ ከ2024 መኸር ጀምሮ ገቢያቸው ከ80,000 ዶላር በታች ለሆኑ ቤተሰቦች በሕዝብ ኮሌጆች ቀሪውን የትምህርት ክፍያ ትሸፍናለች። ካሊፎርኒያ የኮምዩኒቲ ኮሌጅን የ46 ዶላር የክሬዲት ክፍያ የሚያስቀር ዕርዳታ አላት። የሜሪላንዱን የመሰሉት ከፋፍሳ በተጨማሪ የራሳቸው መግቢያ ይጠይቃሉ፤ ፋፍሳ ተሞላ ብላችሁ አትዘናጉ።

ስምንተኛ፦ ኮሌጁ የሚያቀርበውን ማንበብ

የዕርዳታ ደብዳቤው ላይ ስጦታና ብድር ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ተማሪው ሁሉንም «እቀበላለሁ» ይላል። አንድ በአንድ አንብቡለት። ግራንትና ስኮላርሺፕ አይመለስም። ወርክ ስተዲ በሥራ የሚገኝ ነው፤ ካምፓስ ውስጥ፣ ከክላስ ጋር በሚስማማ ሰዓት፤ ለአዲስ ገቢ ተማሪ ለእንግሊዝኛውም ይጠቅመዋል። የቀረው ብድር ነው። ብድር አለመቀበል ፔሉን አይነካውም። በሃይማኖት ምክንያት ወለድ የማይፈልጉ ቤተሰቦች ብድሩን ትተው ግራንቱን ብቻ መውሰድ ይችላሉ። ብዙዎቹ ይህን ስለማያውቁ ሁሉንም ትተው ሄደዋል። ለኮምዩኒቲ ኮሌጅ ሙሉ ፔል የደረሰው ተማሪ እኔን ከጠየቀኝ፣ ለመጀመሪያው ሴሚስተር ብድር አትንካ እለዋለሁ።

ገንዘቡ መጀመሪያ የኮሌጁን ክፍያ ይሸፍናል። የተረፈው ለተማሪው በባንክ ወይም በቼክ ይመጣል። ሲመጣ ለመጽሐፍ፣ ለላፕቶፕ፣ ለባስ ነው። ለኪራይ ቢውልም አልፈርድም።

አንድ ነገር ግን ገንዘቡ በገባ ቀን ንገሩት። ክላስ ድሮፕ ከማድረግህ በፊት ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ጠይቅ። ሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ ሁሉንም ክላስ ጥሎ የወጣ ተማሪ የገንዘቡን ከፊል እንዲመልስ ይጠየቃል፤ ዕዳው ኮሌጁ ላይ ካልተከፈለ መመዝገብም ይከለከላል። ውጤትም ይታያል። በብዙ ኮሌጆች አማካይ 2.0 መያዝና ከተመዘገቡበት ክሬዲት ሁለት ሦስተኛውን መጨረስ ይጠበቃል። ሁለት ሥራ እየሠራ 15 ክሬዲት የሚወስድ ልጅ ሳይ 9 ብታደርገውስ እለዋለሁ። ፔል በአጠቃላይ ለ12 ሙሉ ሴሚስተር ያህል ነው የሚሰጠው፤ ኮምዩኒቲ ኮሌጅ ላይ የተቃጠለው ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር አይመለስም።

የምትጣበቁበት ቦታ ካለ የፌዴራሉ የተማሪዎች ዕርዳታ ስልክ 1-800-433-3243 ነው። ፎርሙ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው፤ ስልክ ላይ ግን አስተርጓሚ ይኖር እንደሆነ ጠይቁ። ተማሪው ራሱ አጠገባችሁ ሆኖ ይደውል፤ ያለ እሱ አያናግሯችሁም።

ፋፍሳ በየዓመቱ ይሞላል። የሚቀጥለው ሲከፈት አትደውሉለት። ከመስቀል ሁለት ቀን በፊት አንድ አጭር መልእክት ላኩ፦ «ፓስወርድህ የት እንዳለ ታውቃለህ?» አውቃለሁ ካለ ሁለተኛውን ራሱ ይሞላዋል። እናንተም ለሚቀጥለው ስልክ ነጻ ናችሁ።